ኮምፖስትም ይነፋል እንዴ?

የጓሮ አምድ፦ የአንባቢያን ጥያቄና የእትዬ መልስ

ክረምቱ ወጣ፣ ጥያቄውም ጎረፈ። ባለፈው ስለ ኮምፖስት፣ ማለትም ከጥራጊ፣ ከቅጠልና ከፍግ በስብሶ ስለሚሠራው ማዳበሪያ አከማመር ከጻፍኩ ወዲህ የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ነገር ናቸው፤ በወንፊት ስለ መንፋት። የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት የምግብ ልማት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም ከተጀመረ ወዲህ በየግቢው ጎመንና ሰላጣ በዝቷል። የወጥ ቤት ጥራጊውን መጣል ትቶ መከመር የጀመረው ሰው ብዙ ነው። ክምሩ ሲደርስለት ግን ልንፋው ወይስ እንዳለ ልበትነው እያለ ይቸገራል። እኔ ችግኝ አፍልቼ የምሸጥ ሴት ነኝ። ወንፊት ከእጄ አይለይም። ሆኖም ከመልሶቼ እንደምታዩት፣ አብዛኞቻችሁን አትንፉ ነው የምላችሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? ባለፈው ጥር የጀመርኩት ክምር ጠቁሮ አፈር ሆኗል። ክፉ ሽታም የለውም። በቤታችን የዱቄት ወንፊት ልነፋው ብሞክር አንድ እፍኝ እንኳ አልወጣልኝም። እናቴም ተቆጣችኝ። ትክክለኛው ወንፊት የትኛው ነው? (ከኮተቤ)

መልስ፦ እናትሽ እውነቷን ነው። ያን ወንፊት ለራስሽ አስቀሪው፣ ለእሷ አዲስ ግዢላት። ፍግ የነካ ዕቃ ወደ ዱቄት አይመለስም።

ወንፊት ከመምረጥሽ በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለምንድነው የምትነፊው? ለጎመን መደብ ከሆነ ተዪው። ለቆስጣ፣ ለድንች፣ ለሙዝ ወይም ለአቮካዶ ጉድጓድ ከሆነም ተዪው። የእነዚህ ሥር ጉልበት አለው። ያልበሰበሰ ጭራሮ ቢያጋጥመው ዞሮት ያልፋል። እንዲያውም ሻካራው ኮምፖስት ለአፈሩ ይበጀዋል። በቦሌና በአቃቂ በኩል ያለውን ጥቁር አፈር ታውቂው ይሆናል። ክረምት ላይ ይጨቀያል፣ በጋ ላይ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። እዚያ ውስጥ የገባ ሻካራ ኮምፖስት ለአየርና ለውኃ መንገድ ይከፍታል። ላዩ ላይ ካነጠፍሽው ደግሞ ፀሐይ ይከላከላል፣ እርጥበት ይይዛል። የአካባቢ ጥበቃ ሳይንቲስቱ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ በ1996 እ.ኤ.አ. በትግራይ ከገበሬዎች ጋር የኮምፖስት ሥራ ሲጀምሩ የታሰበው ለእህል ማሳ ነበር። ማሳ ሙሉ ኮምፖስት ማን ነፍቶ ይጨርሰዋል? ለማሳም አያስፈልገውም።

የሚነፋው ለደቃቅ ነገር ነው። የሰላጣ ዘር በጣም ትንሽ ናት፣ ጓል ሥር ከወደቀች አትወጣም። ስለዚህ ለዘር መደብ ንፊ። ችግኝ ለሚፈላበት ፕላስቲክ ንፊ። በረንዳ ላይ ላለ የአበባ ማሰሮ ንፊ፣ ቦታው ጠባብ ስለሆነ አንድ የአቮካዶ ፍሬ ሩቡን ይይዝብሻል። ለካሮትም ንፊ። ካሮት ሥሯ እንጨት ወይም ጠጠር ሲያገኝ ሁለት እግር አውጥታ ትበቅላለች። ትበላለች፣ ግን አታምርም፤ ለመላጥም ታስቸግራለች።

አሁን ወደ ቀዳዳው እንምጣ። ለመደብና ለትልልቅ ማሰሮ 12 ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ የትንሿ ጣትሽ ጫፍ የሚገባበት ማለት ነው። ለዘርና ለችግኝ 6 ሚሊ ሜትር፤ እርሳስ ለጥቂት የማያልፍበት። ከዚያ በታች አትውረጂ። ዱቄት የሆነ ኮምፖስት ውኃ ሲጠጣ ይጋገራል፣ ሲደርቅ ላዩ ላይ ቅርፊት ይሠራል። አየር ያጣ ቡቃያ ደግሞ አንገቱ ላይ ቀጥኖ ይወድቃል።

ሽቦውን ከግንባታ ዕቃ መሸጫ ታገኚዋለሽ። አሮጌም አይከፋም የምትዪ ከሆነ መርካቶ ምናለሽ ተራ ውረጂ። ለአሸዋ መንፊያ የሚሸጠውን የሽቦ ወንፊት በዪ። ለልስን አሸዋ የሚነፉበት ደቃቁ ግን ለእኛ ይጠባል፣ ሰፋ ያለውን ጠይቂ። የዶሮ ሽቦ እንዳትገዢ። ቀዳዳው ሰፊ ነው፣ ሽቦውም ስስ ስለሆነ ጥቂት አካፋ ሲያርፍበት ይረግባል። ከአራት የሞራሌ ቁራጭ 60 በ80 ሴንቲ ሜትር የሆነ ማዕቀፍ አስመቺ። መጀመሪያ ግን የእጅ ጋሪሽን ለኪው፣ ወንፊቱ ጋሪው ላይ ማረፍ አለበት። የሽቦውን ጠርዝ አጥፈሽ በሚስማር ያዢው፣ ካልሆነ እጅሽን ይቦጫጭረዋል። አንድ ሁለት አካፋ ብቻ አድርጊበትና ወደፊትና ወደኋላ ግፊው። ብዙ ከጫንሽበት ክንድሽ ይደክማል እንጂ ሥራው አይፈጥንም።

ክምርሽ ትልቅ ከሆነ አሸዋ እንደሚነፉ ሰዎች አድርጊ። ወንፊቱን በእንጨት ደግፈሽ አዘንብለሽ አቁሚው፣ ከፊቱ ቆመሽ በአካፋ ላዩ ላይ ወርውሪ። ደቃቁ ከኋላ ያልፋል፣ ግርዱ ወደ እግርሽ ይንከባለላል። በጣም ቀጥ ካለ ደቃቁም ሳያልፍ ይንሸራተታል፣ በጣም ከተኛ ይደፈናል። 45 ዲግሪ አካባቢ ጥሩ ነው። ሰፈርሽ ግንባታ ካለ ለአሥር ደቂቃ ቆመሽ እዪያቸው፣ ከእኔ ጽሑፍ ይልቅ ከእነሱ ክንድ ትማሪያለሽ።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ወንፊት አሠርቼ ነበር። ነገር ግን ኮምፖስቱ ሽቦው ላይ እየተለጠፈ ቀዳዳውን ደፈነው። በእጄ ሳሸው እንክብል እንክብል ይሆናል። ምን ይሻላል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ መምህር፣ ኮምፖስትዎ ገና ክረምት ላይ ነው ያለው። አይሹት፣ አያስጨንቁት።

አንድ እፍኝ ይዘው ጨምቀው ይዩት። በጣትዎ መሃል ውኃ ከወጣ ለመንፋት አልደረሰም። ሳይንጠባጠብ ከተያያዘና በአውራ ጣትዎ ሲነኩት ከፈረሰ ልኩ ያ ነው። ጭራሽ አልያያዝ ካለ ደግሞ ደርቋል፣ ትንሽ ውኃ ያርከፍክፉበት።

እርጥቡን ሸራ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አድርገው ጥላ ሥር ያስጡት። አንዴ ሁለቴ ያገላብጡት። የባሕር ዳር ፀሐይ ከወጣ በአንድ ቀን ይበቃዋል። ፀሐይ ላይ አስጥተው እንዳይረሱት ግን። አጥንቱ ድረስ የደረቀ ኮምፖስት በኋላ ውኃ ሲያጠጡት አልቀበልም ብሎ ከላዩ ያንከባልለዋል። በውስጡ ያሉት ደቂቅ ነፍሳትም ይጎዳሉ።

እኔ ክረምት ላይ አልነፋም። መስቀል ያልፍና ጥቅምት ሲነፍስ ነው ወንፊቴን የማወርደው። ለሚቀጥለው ክረምት ክምሩን በቆርቆሮ ቁራጭ ወይም በኮባ ቅጠል ይክደኑት። ሲጨቀይ ብቻ አይደለም የሚጎዳዎት፣ ዝናቡ የተክሉን ምግብ አጥቦ ወደ ቦይ ይወስደዋል።

ሽታውንም ይፈትሹ። እንደ ተበላሸ እንቁላል ከሸተተ አየር አጥሮታል ማለት ነው። እሱ ማገላበጥና ደረቅ ጭድ እንጂ ወንፊት አይፈልግም።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ክምሬ አንድ ዓመት ሊሞላው ነው። ስነፋው ግን ግማሹ ሽቦው ላይ ይቀራል። ጭድና የባሕር ዛፍ ቅጠል እንዳለ አለ። የወንፊቱን ቀዳዳ ላስፋው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ቀዳዳውንስ ልታሰፋው ትችላለህ። ያልበሰበሰው ግን አልበሰበሰም፣ ልጄ።

እኔ የምሄድበት ልክ እንዲህ ነው። ከነፋሁት ሲሦው ያህል ወንፊቱ ላይ ከቀረ መንፋቱን አቆማለሁ። ክምሩ አላለቀም፣ ተመልሶ ይከመራል። ያንተ ግማሽ ነው።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ቅጠል ያነድዳል። ክምር የሚበሰብሰው በውስጡ ያሉ ደቂቅ ነፍሳት ሲበሉት ነው። እነሱ ሲበሉ ሙቀት ይፈጠራል። ክምሩ ትንሽ ከሆነ ያ ሙቀት ሌሊቱን ያልቃል። ስለዚህ ወርዱም፣ ርዝመቱም፣ ቁመቱም ከ1 ሜትር አይነስ። ሌሊት በጆንያና በጭድ አልብሰው።

የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይትና ሰም አለው፣ ቶሎ አይበላም። ከጠቅላላው ትንሽ እጅ ብቻ ይሁን፣ እሱም ተከትክቶ። ደግነቱ የእናንተ አገር የበግ አገር ነው። በጠጥ፣ የበግ ኩሱ ማለቴ ነው፣ እዚያ ካልተገኘ የት ሊገኝ ነው? ደረቁን ነገር 20 ወይም 25 ሴንቲ ሜትር አንጥፍ፣ እርጥብ ሣርና አረሙን በዚያው ልክ፣ ከዚያ በጠጡን ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር። ውኃ አርከፍክፍና መልሰህ ድገመው። መሃሉ ላይ ረጅም ዱላ ሰክተህ ተው። ከሳምንት በኋላ ስትመዘው ዱላው ከሞቀ ሥራው ተጀምሯል። ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ ውኃ ያንሰዋል፣ ቀዝቃዛና ጭቃ ከሆነ አየር።

ወንፊቱ ላይ የቀረውን አትጣል። አዲሱ ክምር ውስጥ በየንብርብሩ በትነው።

ጥያቄ፦ ከአንድ የዶሮ እርባታ ፍግ አምጥቼ ከቅጠል ጋር ከመርኩ። በሁለተኛ ወሩ ነፋሁት፣ በጣም የሚያምር ደቃቅ ጥቁር ኮምፖስት ወጣኝ። ቃሪያ ዘራሁበት። ጥቂቱ በቀለ፣ የበቀለውም ጫፉ ተቃጠለ። ዘሩ ነው ችግሩ? (ከቢሾፍቱ)

መልስ፦ ዘሩን አትውቀሺው። ደቃቅ መሆንና መብሰል ለየቅል ናቸው። ወንፊት መጠኑን ይለያል እንጂ ዕድሜ አይጨምርም። የዶሮ ኩስ ናይትሮጅኑ ብዙ ነው፣ ጨውም አለበት። ሳይበስል ከቀረ አሞኒያ ይወጣዋል፣ ያ ደግሞ ጨቅላ ሥር ያቃጥላል። ወደ አፍንጫሽ ስታቀርቢው ዓይንሽን ቆንጠጥ ካደረገው እሱ ነው።

ለመፈተሽ ላቦራቶሪ አያስፈልግሽም። ፌጦ አለሽ አይደል? ሆድ ሲነፋን የምንበላትን ፌጦ ማለቴ ነው። ኮምፖስት የሚመረምሩ ባለሙያዎችም የሚጠቀሙት እሷን ነው። ቶሎ ትበቅላለች፣ ያልበሰለ ኮምፖስት ደግሞ ቶሎ ይጎዳታል። ከቡና ቤት ሁለት አሮጌ የሻይ ሳህን ውሰጂ። በአንዱ ላይ የነፋሽውን ኮምፖስት አድርጊ፣ በሌላው ላይ የታጠበ አሸዋ። በሁለቱም ላይ ሃያ ሃያ የፌጦ ዘር በትኚ። እኩል አርጥቢያቸው፣ ሞቅ ያለ ቦታ ጎን ለጎን አስቀምጪያቸው። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን መብቀል ይጀምራሉ። ሳምንት ጠብቂና ቁጠሪ።

አሸዋው ላይ ከበቀለው ጋር ተቀራራቢ ከሆነ ዝሪበት። በጣም ካነሰ ወይም ሥሩ አጥሮ ጫፉ ከጠቆረ ኮምፖስቱን በጆንያ አድርገሽ ሌላ ሁለት ወር አሳርፊው። በየጊዜው አገላብጪው፣ እንዳይደርቅም ተጠንቀቂ። ከዚያ ፌጦዋን ድገሚ። እኔ የማላውቀው ኮምፖስት ላይ የገዢዬን ገንዘብ አልዘራም፤ ፌጦዋ ካላለፈች ችግኝ አይገባበትም። ጎረቤቶቼ ይስቁብኛል፣ ይሳቁ።

የበሰለውንም ቢሆን ብቻውን ለዘር አትስጪው። ለችግኝ ፕላስቲክ የምንሞላው ሦስት እጅ አፈር፣ ሁለት እጅ የተነፋ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ነው። አፈሩንም ንፊው።

ጥያቄ፦ ወንፊት ላይ የሚቀርብኝ ይህ ነው፦ የማንጎና የአቮካዶ ፍሬ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ እና ብዙ የጫት ገረባ። ሁሉንም ልድፋው? (ከሐረር)

መልስ፦ የሚደፋው ጥቂቱ ነው። እኔ እንዲያውም ግርዱን በደንብ ነው የማየው፣ ክምሩ ውስጥ ምን ሲገባ እንደከረመ የሚነግረኝ እሱ ነው።

ቆረቆንዳው ይመለስ። ሁለትና ሦስት ዙር ይፈልጋል፣ በመጨረሻ ይሰበራል። እስከዚያው ክምሩ ውስጥ አየር ማስገቢያ ሆኖ ያገለግላል። ላዩ ላይ የተጣበቀው ጥቁር ነገርም በደቂቅ ነፍሳት የተሞላ ስለሆነ አዲሱን ክምር ያስነሳል። የእንቁላል ቅርፊት ቢቀርም ባይቀርም ግድ የለም፣ አይጎዳም። ካስጠላሽ ግን ክምሩ ላይ ከመጣሉ በፊት አድርቀሽ ውቀጪው። ከሰል ካገኘሽ ተዪው። ከምድጃ አመድ ጋር የሚመጣውን ሚስማር ግን ልቀሚ፣ በተለይ የዕቃ ሣጥን እንጨት የምታነዱ ከሆነ።

የአቮካዶና የማንጎ ፍሬ ጠንካራ ነው፣ በመዶሻ ካልተሰነጠቀ ዓመት ይቆያል። የበቀለ የአቮካዶ ፍሬ ወንፊትሽ ላይ ካገኘሽ ደግሞ አትቁረጪው፣ ፕላስቲክ ውስጥ ትከዪው። እንዳለ ቢያድግ ምን ዓይነት ፍሬ እንደሚሰጥ አይታወቅም፣ ለመስጠትም ዓመታት ይፈጅበታል። ግን ግንዱ የእርሳስ ውፍረት ሲያገኝ ጥሩ ዝርያ ግራፍት ይደረግበታል፤ የጥሩው ዛፍ ቅርንጫፍ ተቆርጦ ይጣበቅበታል ማለት ነው። እኔ ከዚህ ነው እንጀራ የምበላው።

ገረባው ላይ ቆም ልበል። የጫት እንጨት ይበሰብሳል፣ ቢዘገይም። የእኔ ስጋት ሌላ ነው። ጫት ላይ ፀረ ተባይ እንደሚረጭ ሁላችንም እናውቃለን፣ አንዳንዱ መድኃኒት ደግሞ ቶሎ የሚጠፋ አይደለም። ስለዚህ ገረባ የበዛበትን ኮምፖስት ለብቻው አድርጊው። ለአበባ፣ ለአጥር ተክል፣ ለጥላ ዛፍ ይሁን። ሰላጣና ካሮት ላይ እኔ አላደርገውም። ጫቱ የታሰረበትን ላስቲክ ደግሞ ከመከመሩ በፊት ፍቺው። እሱ አንዴ ከገባ በየዓመቱ ወንፊትሽ ላይ ትገናኛላችሁ።

ጥያቄ፦ በ6 ሚሊ ሜትር ወንፊት ነፍቼ ሰላጣ ዘራሁ። የወጣው ቲማቲም፣ ፓፓያና አረም ነው። ፓርቲኒየምም አለበት። ወንፊቱ ዘር አይለይም እንዴ? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ አይለይም። የቲማቲም ዘር ከ6 ሚሊ ሜትር በጣም ያንሳል፣ የፓርቲኒየም ዘር ደግሞ ከሱም ያነሰ ነው። ሁሉም ያልፋል። ዘር የሚገድለው ሙቀት ነው። የክምሩ መሃል 55 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድና ከዚያ በላይ ደርሶ ለቀናት ከቆየ አብዛኛው የአረም ዘር ይሞታል። ዳርና ዳሩ ግን አይሞቅም። ስለዚህ ዳሩን ወደ መሃል እያገላበጥክ ደጋግመህ ማሞቅ አለብህ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የወጥ ቤት ጥራጊ የሚጨመርበት ባልዲ እዚህ ሙቀት ላይ አይደርስም፣ ስለዚህ ቲማቲም ቢበቅልበት አይግረምህ።

ፓርቲኒየምን አበባ ሳያወጣ ንቀለው፣ ጓንት አድርገህ። ቆዳ ያሳክካል። አበባ ካወጣ ክምር ውስጥ እንዳታስገባው። አንዲት ተክል በሺዎች የሚቆጠር ዘር ትጥላለች።

አሁን በእጅህ ላለው ደግሞ መፍትሔ አለ። የተነፋውን ኮምፖስት ጥላ ሥር ዘርጋው፣ አርጥበው፣ አሥር ቀን ያህል ተወው። የሚበቅለው ይብቀል። ከዚያ በእጅህ ቧጭረህ አጥፋው። አንዴ ድገመው። ቲማቲሙን ግን አንድ ሁለቱን አስቀርልኝ፣ አንዳንዴ ከተገዛው የበለጠ ይዞ ይገኛል።

ጥያቄ፦ ስንነፋ ትል በጣም ብዙ ነው። ልጆቼ ይጮሃሉ። ነጫጭ ወፋፍራም የሆኑም አሉ። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ቀዮቹ የመሬት ትሎች ሠራተኞችሽ ናቸው፣ ወንፊት ላይ አታንገላቻቸው። ከመንፋትሽ በፊት ኮምፖስቱን ብርሃን ላይ በትንንሽ ክምር አድርጊው። ብርሃን ስለማይወዱ ወደ ታች ይሸሻሉ። ከላይ ከላይ እያነሳሽ ንፊ፣ የታችኛውን ከነትሉ ወደ አዲሱ ክምር መልሺ። ነጩና እንደ ቀለበት የተጠቀለለው የጢንዚዛ እጭ ነው። አንዳንዱ የበሰበሰ ብቻ ይበላል፣ አንዳንዱ የተክል ሥር። ለይቶ ማወቁ ስለሚያስቸግር ማሰሮ ውስጥ አይግባ። ዶሮ ካለሽ ስጪያት። ልጆቹም መጮህ ትተው ለዶሮዋ መልቀም ይጀምራሉ።

ጥያቄ፦ አስም አለብኝ። ባለፈው ኮምፖስት ነፍቼ ሁለት ቀን ትንፋሽ አጠረኝ። ዕድሜዬ 61 ነው። ልተወው? (ከአዳማ)

መልስ፦ እርስዎ አይንፉ። ይህንን ያለ ማወላወል ነው የምልዎት። ሌላ ሰው ይንፋልዎት፣ እርስዎም በነፋሱ አቅጣጫ አይቁሙ። ትንፋሽዎ ያጠረበትንም ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ለሌሎቻችሁም ልናገር፣ ይህ የሚቀለድበት አይደለም። ደረቅ ኮምፖስት ሲነፋ የሻጋታ ብናኝ ይነሳል። ሌጂዮኔላ የሚባለው የሳንባ ምች የሚያመጣ ተህዋስም በኮምፖስትና በማሰሮ አፈር ውስጥ ይገኛል። አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ውስጥ የአፈር ከረጢቱ ላይ ማስጠንቀቂያ ይጻፋል። ስለዚህ ዕቃ ቤት ውስጥ በር ዘግታችሁ አትንፉ። ደጅ ይሁን፣ ነፋሱ ከኋላችሁ ይምጣ። አቧራ ካነሳ ውኃ አርከፍክፉ። በኮቪድ ጊዜ የተረፈ ማስክ ካላችሁ አድርጉት። እጃችሁን ሳትታጠቡ ቆሎ አትቆርጥሙ። ብርጭቆ ወይም ሚስማር ከወጋችሁ የቴታነስ ክትባት ስለሚያስፈልግ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ጥያቄ፦ ሰላም እትዬ። እዚህ ሜሪላንድ በጓሮዬ ጎመን፣ ቃሪያና በሶብላ አለኝ። ኮምፖስቴን ነፍቼ በመጋቢት ቤት ውስጥ ዘር ማፍላት ፈልጌ ነበር። ሽቦውስ ምን ብዬ ልጠይቅ?

መልስ፦ እዚያ ሃርድዌር ክሎዝ ነው የሚሉት። ግማሽ ኢንች ያለውን ለመደብ፣ ሩብ ኢንች ያለውን ለዘር ግዢ። የነፋሽውን በልግ ላይ አዘጋጂው፣ በመጋቢት ክምሩ እርጥብና ቀዝቃዛ ስለሚሆን ያስቸግርሻል። በልግ ስል የእናንተን ማለቴ ነው፣ ቅጠል የሚረግፍበትን።

ኮምፖስቱ ከሲሦ አይብለጥ፣ ቀሪው የተገዛ የዘር አፈር ይሁን። ቤት ውስጥ የዘሩት ቡቃያ በሻጋታና በትንንሽ ዝንብ ቶሎ ይጠቃል። ቃሪያና በሶብላ ሙቀት ይወዳሉ፣ ውርጩ ሙሉ በሙሉ ሳያልፍ አታውጪያቸው። ጎመን ቀድሞ ቢወጣ ግድ የለውም።

ወንፊትሽ ላይ የፍራፍሬ ስቲከርና የሻይ ከረጢት መረብ ታገኛለሽ ብዬ እገምታለሁ። ብዙዎቹ ፕላስቲክ ናቸው፣ አይበሰብሱም። ወጥ የነካው እንጀራ ደግሞ አይጣልበት፣ አይጥ ይጠራብሻል።

ጥያቄ፦ ከመንገድ ዳር «የተነፋ ንጹሕ ኮምፖስት» ተብሎ አምስት ጆንያ ገዛሁ። ቤት ስዘረግፈው የብርጭቆ ስባሪና የፌስታል ቁርጥራጭ አለበት። ደግሜ ልነፋው? (ከአዲስ አበባ፣ ለሚ ኩራ)

መልስ፦ ብትነፊውም ትልቁን ብቻ ነው የምታወጪው። የብርጭቆ ስንጥሩ ከቀዳዳው ያንሳል፣ ያልፋል። ፌስታሉም ተበጣጥሶ ያልፋል። ይህ ከደባለቀ ቆሻሻ የተሠራ ነው፣ ሳይለይ ተከምሮ ሳይለይ የበሰበሰ። የባትሪ ድንጋይም አብሮ በስብሶበት ሊሆን ይችላል፣ እሱን ደግሞ ወንፊት ቀርቶ ዓይንም አያየውም።

ከተቻለ መልሺለት። እምቢ ካለሽ እጅ ለማይገባበት ቦታ አድርጊው፤ ለአጥር ዛፍ ጉድጓድ ለምሳሌ፣ በጓንት። ልጆች የሚቆፍሩበት፣ ካሮት የሚነቀልበት ቦታ እንዳይደርስ። ሌላ ጊዜ ስትገዢ ከጆንያው አፍ ላይ አትዪ። ክንድሽን አስገቢና ከሥር አንድ እፍኝ አውጪ፣ በነጭ ወረቀት ላይ ዘርጊው። ሻጩ ከተቆጣ ተዪው፣ ሌላ ጋ ሂጂ።

ጥያቄ፦ የነፋሁት ተረፈኝ። እስከ መቼ ይቆያል? (ከወልዲያ)

መልስ፦ እንደ ዱቄት አይነቅዝም፣ ግን እየቆየ ጉልበቱ ይቀንሳል። አየር በሚያስገባ ጆንያ አድርገው፣ በላስቲክ አትጠቅልለው። ጥላ ሥር፣ ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ አስቀምጠው፣ ዝናብ እንዳያገኘው። አልፎ አልፎ እጅህን አስገብተህ እየው፣ ከደረቀ ትንሽ ውኃ ስጠው። ከሚቀጥለው ክረምት በፊት ጨርሰው። ካልጨረስከው የጎረቤትህ ጎመን አለ።